ድርሻና ተራ፦ በኮምፒዩተር ተራ አስከባሪ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

“ቅድሚያ” የሚለው ቃል በአማርኛ የኮምፒዩተር ጽሑፍ ውስጥ ከአቅሙ በላይ ሸክም እየተጫነበት ነው። “ፕራዮሪቲ” ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አቻ ሆኖ መግባቱን የምንቃወም አይደለንም፤ ከ“ቀደመ” የወጣ፣ ለጆሮ የቀና፣ ከቢሮ ደብዳቤ እስከ ገበያ የተለመደ ቃል ነው። ችግሩ የሚነሣው ተርጓሚው ስለ ሥርዓተ ክወና ውስጣዊ አሠራር የተጻፈ ጽሑፍ እጁ ሲገባና “ዌይት”፣ “ናይስ”፣ “ሌተንሲ ናይስ” የሚባሉ ሦስት ስሞችን በአንድ ገጽ ላይ ሲያገኝ ነው። ሦስቱም አንዱን ተግባር ከሌላው ማስበለጥን ስለሚመለከቱ ብዕሩ ሁሉንም “ቅድሚያ” ብሎ ለማለፍ ይቸኩላል። እንዲህ ያለው ትርጉም ጉዳቱ የቋንቋ ብቻ አይደለም። በትርጉሙ ተመርቶ መሣሪያውን የሚያስተካክለው ባለሙያ አንዱን ለማፋጠን ሲል ሌላውን ድርሻ ያሳጣል፤ ያፋጠንኩት የመሰለውም ሳይፋጠን ይቀራል።

ነገሩ ለቋንቋ ባለሙያ ግልጽ እንዲሆን አሠራሩን ባጭሩ መግለጽ ይገባል። አንድ የፕሮሰሰር ክፍል በአንድ ቅጽበት የሚሠራው አንድ ተግባር ብቻ ነው። ተጠቃሚው ግን ዜማ እያዳመጠ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በዚያው ጊዜ ከበስተጀርባ ፋይል ይወርድለታል። ሁሉም በአንድነት የሚሠራ የሚመስለው ሥርዓተ ክወናው የፕሮሰሰሩን ጊዜ በሚሊሰከንድ እየቆረጠ ለየተግባሩ በተራ ስለሚያድል ነው። ይህ እደላ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት። አንደኛው፣ ለእያንዳንዱ ተግባር በጠቅላላው ምን ያህል ይድረሰው? ሁለተኛው፣ ተግባሩ ለመሥራት ከተዘጋጀበት ቅጽበት አንሥቶ ስንት ጠብቆ ይጀምር? የመጀመሪያው የመጠን ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የጊዜ ነው።

የሁለቱ መለያየት በአንድ ምሳሌ ይታያል። የአንድ ስልክ ገጽታ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ቢሆን ሥዕሉን የሚያዘጋጀው ተግባር በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ሥራውን መጨረስ ይኖርበታል። ሥራው 2 ሚሊሰከንድ ብቻ የሚፈጅ ከሆነ የሚያስፈልገው ከፕሮሰሰሩ ጊዜ አንድ ስምንተኛ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ቢሰጠው አይጠቀምበትም፤ ያችኑ ጥቂት ጊዜ በሰዓቷ ካላገኘ ግን ሥዕሉ ይቆራረጣል። በአንጻሩ ብዙ ፋይሎችን ጨምቆ የሚያስቀምጥ ተግባር የፕሮሰሰሩን ጊዜ በብዛት ይፈልጋል፤ አሁን ቢጀምር ወይም ከመቶ ሚሊሰከንድ በኋላ ቢጀምር ግን የሚያውቅበት የለም። “ለየትኛው ቅድሚያ እንስጥ?” ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው ራሱ ሁለት መልስ አለው።

ወደ ስያሜዎቹ ስንገባ በመጀመሪያ የምናገኘው “ስኬጁለር” የሚለውን ነው። ከ“ስኬጁል” ተነሥቶ “መርሐ ግብር አውጪ” ማለት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ መርሐ ግብር አስቀድሞ የሚወጣ ዝርዝር ነው፤ የስብሰባ፣ የትምህርት ቤት፣ የሬዲዮ መርሐ ግብር እንደምንለው። ይህ የሥርዓተ ክወና ክፍል ግን አስቀድሞ የሚያወጣው ዝርዝር የለውም። ማን መቼ እንደሚመጣ ሳያውቅ፣ የመጣውን እያየ፣ በየቅጽበቱ ይወስናል። ለዚህ አማርኛ “ተራ አስከባሪ” የሚል የተሠራበት ስም አለው። በታክሲ መናኸሪያ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ተራ አስከባሪ መኪናም ሰውም አይፈጥርም፤ የመጡትን ያሰልፋል፣ የቀደመውን ያስቀድማል፣ አንዳንዴም ምክንያት ሲኖረው ከሰልፉ መካከል ይጠራል። ቃሉ ከጎዳና የመጣ ስለ ሆነ ለሳይንስ አይመጥንም የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን የጎዳናው ተራ አስከባሪ ሥራና የዚህኛው ሥራ በዚህ መጠን መመሳሰላቸውን ስናይ ከግዕዝ ሌላ ስም የምንፈልግበት ምክንያት አይታየንም። (“ተራ” የሚለው ቃል ወረፋን፣ መደዳን፣ እንደ በርበሬ ተራና ሸክላ ተራ ያለውን የገበያ ክፍል፣ ደግሞም “ተራ ሰው” ሲባል ማዕረግ የሌለውን ያመለክታል። “ተራ አስከባሪ” በሚለው ጥምረት ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ትርጉም በቀር ሌላው አይገባም።)

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የመጠንንና የጊዜን ልዩነት ለማሳየት አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ የገጠሩ የሥራ ልማድ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ለይቶታል። ለምሳሌነት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ማንኩሳን እንውሰድ። የመረጥናት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው “ፍቅር እስከ መቃብር” አማካይነት ስሟን ለአማርኛ አንባቢ ሁሉ ስላስተዋወቁ፣ “ይህን ስያሜ የማንኩሳ ገበሬ ሰምቶ ምን ይለዋል?” ብሎ መጠየቅ ለስያሜ ሠሪ ጥሩ መፈተኛ ስለሚሆን ነው። ይህን ስንል የጎጃም አማርኛ ብቻ ጥሩ አማርኛ ነው የሚለውን የቆየ ኩራት ለማደስ አይደለም፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ቃላት በወሎም በጎንደርም በሸዋም የሚሠራባቸው ናቸው።

ወንፈል የሚባለውን እናንሣ። በደቦ ባለ ሥራው ደግሶ ይጠራል፤ የመጣው ሁሉ ቀኑን ቆጥሮ ላይጠይቀው ይችላል። ወንፈል ግን ቀን በቀን የሚመለስበት ነው። አምስት ቤቶች ወንፈል ቢገቡ አምስቱም በየአንዳንዳቸው ማሳ ላይ ይሠራሉ፤ አንድ ሰው ያሰለፈ አንድ፣ ሁለት ሰው ያሰለፈ ሁለት ሰው ይመለስለታል። ይህ ድርሻ ነው። አሁን ደግሞ ያንዱ ቤት ጤፍ ታጭዶ ሳይከመር ያለ ወቅቱ ዝናብ ቢያስገመግም የነገው ቀን ለእርሱ ይሰጣል። ተራው የነበረውም ይለቅለታል። ዳጉሳው ገና ያልደረሰለት ሰው የለቀቀው ተራውን እንጂ ቀኑን አይደለም፤ ቀኑ ይቆየዋል እንጂ አይቀርበትም። ጤፉ የተረፈለትም ሰው ቢሆን ያገኘው አንድ ቀን ነው፤ ቀኑ ቀደመለት እንጂ አልበዛለትም። ለእንዲህ ያለው ሰው “ቅድሚያ ተሰጠው” ብንል ትክክል ነው። ሁለት ሰው አሰልፎ ሁለት ለተመለሰለት ግን “ቅድሚያ ተሰጠው” የሚል አማርኛ ተናጋሪ አናገኝም፤ “ድርሻው ሁለት ነው” ይባላል። እንግዲህ ቋንቋው የለየውን ተርጓሚው ለምን ይቀላቅላል?

ለተርጓሚው ፍርድ ስንሰጥ ግን መሠረታዊው ስሕተት የእርሱ ብቻ አለመሆኑን መናገር ፍትሕ ነው። የእንግሊዝኛው ስያሜ ራሱ የተደባለቀ ነው። በዩኒክስና ከእርሱ በተከተለው ሊኑክስ ውስጥ እያንዳንዱ ተግባር “ናይስ” የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ከ−20 እስከ 19 ይደርሳል። ስሙ ተግባሩ ለሌሎች ያለውን ደግነት ያመለክታል፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ተግባሩ ለሌሎች ይለቃል። በእንግሊዝኛው ሰነድ ዘንድ ይህ የ“ፕራዮሪቲ” መለኪያ ተብሎ ይጠራል። በሊኑክስ ውስጥ ግን ኢንጎ ሞልናር የሠራው ተራ አስከባሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ከገባ ወዲህ ይህ ቁጥር በቀጥታ የሚወስነው ክብደትን፣ ማለትም ድርሻን ነው። ናይሱ 0 የሆነ ተግባር 1024 ክብደት አለው፤ 19 የሆነው 15 ብቻ፤ −20 የሆነው 88761። አንድ እርከን ብቻ የሚለያዩ ሁለት ተግባሮች የፕሮሰሰሩን ጊዜ 55 ለ 45 ያህል ይካፈላሉ፤ አምስት እርከን ሲለያዩ ክፍፍሉ ሦስት ለአንድ ይጠጋል። በማንኩሳ ቋንቋ ይህ ስንት ሰው አሰለፍክ የሚለው ነው እንጂ ማን ይቅደም የሚለው አይደለም።

የጊዜው ጥያቄ የራሱ መለኪያ እንዲኖረው የተደረገው ጥረት ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ፓርት ሻህ እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ ባቀረበው፣ ቪንሰንት ጊቶም እ.ኤ.አ. በ2022 በሌላ መልክ ባቀረበው የሊኑክስ ማሻሻያ ውስጥ “ሌተንሲ ናይስ” የሚባል ሁለተኛ ቁጥር ታሰበ። እርሱም ከ−20 እስከ 19 የሚደርስ ነው፤ −20 “መጠበቅ አልችልም” ማለት ሲሆን 19 “ብጠብቅ ግድ የለኝም” ማለት ነው። ድርሻን አይነካም። የጊቶ ሐሳብ ይህን ቁጥር ለተናጠል ተግባር ብቻ ሳይሆን ለተግባር ቡድኖችም ለመስጠት ያለመ ነበር። በሊኑክስ ውስጥ የቡድን ድርሻ ከ1 እስከ 10000 በሚደርስ ክብደት ይወሰናል፤ ካልተነካ 100 ነው። ይኸው ድርሻ በናይስ ቁጥርም ሊገለጽ ይችላል። ሐሳቡ ተቀባይነት ቢያገኝ ኖሮ በአንድ ቡድን ማኅደር ውስጥ “ዌይት ናይስ” እና “ሌተንሲ ናይስ” ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር፤ ቁጥራቸው አንድ ዓይነት፣ ስማቸው በግማሽ የሚገጥም፣ ትርጉማቸው ግን የማይገናኝ። ሁለቱን “የክብደት ቅድሚያ” እና “የመዘግየት ቅድሚያ” ብሎ የተረጎመ ሰው ለአንባቢው ሁለት እንቆቅልሽ ሰጥቶታል።

“መዘግየት” የሚለው ቃልም ብቻውን ሊመረመር ይገባዋል። “ሌተንሲ” የሚለውን ቃል በአጠቃላይ መዝገበ ቃላት የሚፈልግ ተርጓሚ “ስውርነት” ወይም “ድብቅነት” የሚል ፍች ያገኛል፤ ይህ የቃሉ የላቲን ሥር ነው፣ ለኮምፒዩተር ግን ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ ብዙው ተርጓሚ ወደ “መዘግየት” ማዘንበሉ አይቀርም። ይሁን እንጂ በአማርኛ “ዘገየ” የሚባለው የተቀጠረለት ሰዓት ያለፈበት ነው፤ ወቀሳ አለበት። “ሌተንሲ” ግን ወቀሳ የለበትም። ተግባሩ ከተዘጋጀበት ቅጽበት ተራው እስከ ደረሰበት ቅጽበት ያለው ርዝመት ነው፤ አጭርም ይሁን ረጅም ይኖራል። “የጥበቃ ጊዜ” ብንል ደግሞ የዘበኛ ፈረቃ ይመስላል። “ደጅ ጥናት” ለቀልድ ካልሆነ አይሆንም፤ ደጅ ጠኚ የሚጠብቀው የጌታውን ፈቃድ ነው፣ ይህ ግን ሕግ ያለው ወረፋ ነው። በበኩላችን “የወረፋ ቆይታ” የሚለውን እናቀርባለን። “ቆይታ” ርዝመትን ያሳያል፤ “ወረፋ” ደግሞ ቆይታው የት እንደ ሆነ ይወስናል። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጊዜ በሙሉ ከተገለጠ በኋላ “ቆይታ” ብቻ ማለት ይበቃል።

“መዘግየት”ን የምንቃወምበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህም ከመጀመሪያው የበለጠ ይመስለናል። ዮን ስቶይካና ሑሴን አብደል ዋሃብ እ.ኤ.አ. በ1995 የነደፉት የእደላ ስልት በፒተር ዛይልስትራ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2023 በሊኑክስ 6.6 ውስጥ ገብቷል። ይህ ስልት “ላግ” የሚባል ሒሳብ ይይዛል። “ላግ” አንድ ተግባር ሊደርሰው ከሚገባው ጊዜ ያልደረሰው ወይም በትርፍ የወሰደው መጠን ነው። ተርጓሚው ይህንንም “መዘግየት” ቢለው በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለት መዘግየቶች ይገናኛሉ፤ አንዱ የጊዜ፣ አንዱ የመጠን። ለ“ላግ” አማርኛ ከ“ውዝፍ” የተሻለ ቃል አይኖረውም። ያልተከፈለ ደመወዝ ውዝፍ ነው፤ ያልተከፈለ ግብርም ውዝፍ ነው። ተግባሩ ያልደረሰው ካለ ውዝፍ አለው፤ በትርፍ ከወሰደ ውዝፍ አለበት። “አለው” እና “አለበት” በሚሉት ሁለት ቃላት የሒሳቡ አዎንታዊና አሉታዊ ምልክት ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይነገራል። በአዲሱ ስልት ተራ ለመጠራት የሚበቃው ውዝፍ የሌለበት ተግባር ብቻ ነው። በወንፈልም የሌሎችን ቀን ወስዶ ሳይመልስ ዳግመኛ “ቅደሙኝ” የሚል ሰው ጎረቤቶቹ ምን እንደሚሉት የታወቀ ነው።

ይህ ስልት የቆይታን ጥያቄ የሚመልሰው በሌላ ቁጥር ሳይሆን በ“ስላይስ”፣ ይኸውም ተግባሩ በአንድ ጊዜ በሚጠይቀው የጊዜ ቁራጭ ርዝመት ነው። ድርሻቸው እኩል የሆኑ ሁለት ተግባሮች ቢኖሩ አጭር ቁራጭ የሚጠይቀው ገደቡ ቀድሞ ስለሚደርስ ቶሎ ቶሎ ይጠራል፤ በየጊዜው የሚያገኘው ግን ጥቂት ነው፤ ሲደመር ድርሻው ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሊኑክስ 6.12 ተግባሩ የቁራጩን ርዝመት ራሱ እንዲጠይቅ ፈቅዷል፤ ከ0.1 እስከ 100 ሚሊሰከንድ። በወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ የቆመ ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። አንድ ቁና ለሕፃን ገንፎ የምታስፈጭ እናት ሁለት አህያ የጫነው ሰው እስኪጨርስ ብትቆም ቀኑ ይመሻል፤ እርሷ ብትቀድም ግን ባለ አህያው የሚያጣው ጥቂት ደቂቃ ነው። ነገ ሌላ ቁና ይዛ ብትመጣ እንደገና ትሰለፋለች። ለ“ስላይስ” አቻ ሆኖ “ፈረቃ” የሚለውን የምንመርጠው የመብራትና የውኃ ፈረቃን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ በየተራ የሚመጣና የሚሄድ መሆኑን ስለሚረዳ ነው። “ቁራጭ ጊዜ” የሚለው የቃል በቃል ትርጉም ግን ተርፎ የተጣለ ነገር ያስመስላል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ “ቀነ ገደብ” አንድ ቃል እንጨምር። ለ“ዴድላይን” የተለመደ ጥሩ አቻ ነው፤ ነገር ግን ርዝመቱ 3 ሚሊሰከንድ ለሆነ ነገር “ቀን” ማለት ያስቃል። “ገደብ” ብቻ ይበቃል።

ከሁሉ የከበደው “ናይስ” ነው። በአማርኛ “ደግነት”፣ “ትሕትና”፣ “ጨዋነት” ማለት ይቻል ይሆናል፤ ሁሉም ግን የጠባይ ስሞች ናቸው፣ ተግባሩ ለሌሎች ምን እንደሚለቅ አይናገሩም። “ቅድሚያ” ማለት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምልክቱን ይገለብጠዋልና። አንባቢ “ቅድሚያው −20 ነው” የሚል ሲያነብ ከሁሉ የመጨረሻው ነው ብሎ ይረዳል፤ በእውነት ግን ከሁሉ የበለጠው ነው። ይህ ምናባዊ ሥጋት አይደለም፤ በእንግሊዝኛም ጀማሪዎችን የሚያደናግር የታወቀ ነጥብ ነው። ትርጉም የምንጩን ጉድለት ማረም የማይገባው ጊዜ አለ፤ ይህ ግን ማረም የሚገባው ነው።

የማዕድ ሥርዓታችንን እንመልከት። እጅ ለመታጠብ ሲነሡ “ይቅደሙ” የሚል ሰው ተራውን ለቀቀ እንጂ እንጀራውን አልለቀቀም። “ይውሰዱ” ብሎ ከፊቱ የሚያነሣ ግን የለቀቀው ድርሻውን ነው። እንግሊዝኛው በ“ናይስ” አንድ ያደረጋቸው ሁለት ትሕትናዎች በአማርኛ ሁለት ስም አላቸው። ስለዚህ ድርሻን የሚመለከተውን ቁጥር “የይውሰዱ ልክ”፣ የወረፋ ቆይታን የሚመለከተውን “የይቅደሙ ልክ” ብንለው ምልክቱም ይስተካከላል። የይቅደሙ ልኩ 19 የሆነ ተግባር ለመጣው ሁሉ “ይቅደሙ” ይላል፤ −20 የሆነው ለማንም አይልም። ቁጥሩ ሲያድግ ትሕትናው ያድጋል፤ አንባቢው የሚገለብጠው ነገር የለም።

ይህ ሐሳብ ሁለት ተቃውሞ እንደሚገጥመው እናውቃለን። የመጀመሪያው፣ ከትእዛዝ አንቀጽ የወጣ ቃል ለሙያ ስያሜ ይሆናል ወይ የሚል ነው። ይሆናል፤ ሆኖም ታይቷል። ፍርድ ቤት “ይግባኝ” ሲል ማንም አልሳቀም። “የይለፍ ቃል”ም ዛሬ በየስልኩ ገጽ የሚገኝ የኮምፒዩተር ቃል ነው፤ “ይለፍ” እንደ “ይቅደም” ያለ ግሥ ነው። “ይቅርታ”ና “ይሉኝታ”ም በዚሁ መንገድ ከግሥ ወደ ስም የተሻገሩ ናቸው። ሁለተኛው ተቃውሞ ቃሉ ጨዋታ ይመስላል የሚል ነው። ለዚህ የምንሰጠው መልስ “ናይስ”ም ጨዋታ ነበረ የሚል ነው፤ ስያሜውን የፈጠሩት ሰዎች ፈገግ ብለው እንደ ፈጠሩት ግልጽ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ “ይውሰዱ” በብዙ ቁጥርና በአክብሮት መነገሩ በሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ዓረፍተ ነገር ያስመስለዋል። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ በማስገባት ይህን ማቃለል ይቻላል፤ ቃሉ ሲለመድ ጥቅሱ ይወድቃል።

ስለ ቡድን የሚነሣው ጥያቄ ከስያሜ ይልቅ የአገባብ ነው። “ቡድን” የሚለው ቃል ራሱ ይበቃል፤ “ጓድ”፣ “ጭፍራ”፣ “ማኅበር” የየራሳቸው ቀለም ስላላቸው አይመቹም። ነገር ግን “የቡድኑ ተግባሮች ቅድሚያ አላቸው” ሲባል በማን ላይ? በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖ የውኃ አባት የሚባለው ሰው ውኃውን ለየቦዩ በተራ ያደላል፤ በቦዩ ያሉት ደግሞ በመካከላቸው ይካፈላሉ። የአንዱ ሰው የበርበሬ ችግኝ ውኃ ቢጠማ ከቦይ ጓደኞቹ ሊቀድም ይችላል፤ ቦዩ ገና ተራው ካልደረሰ ግን ይህ ቀዳሚነት ምንም አያደርግለትም። ቡድንን ከቡድን ጋር ማወዳደርና አባልን ከአባል ጋር ማወዳደር ሁለት የተለያዩ እርከኖች ናቸው። የተግባር ቡድኖችም ሥርዓት እንዲሁ ነው፤ ለቡድን የተሰጠ ቁጥር የሚወዳደረው ከእኩያ ቡድኖች ጋር ነው፣ ለአባል የተሰጠውም በቡድኑ ውስጥ ብቻ። በአንድሮይድ ስልክ ላይ በተጠቃሚው ዓይን ፊት ያለው ፕሮግራምና ከበስተጀርባ ያሉት በተለያየ ቡድን መመደባቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው “የቡድን የይቅደሙ ልክ” እና “የአባል የይቅደሙ ልክ” እያለ ባለቤቱን ዘወትር መጥቀስ አለበት፤ በእንግሊዝኛው ባይጠቀስም እንኳ።

ምሳሌዎቻችን እስከ መጨረሻው እንደማይሄዱ አንባቢ ልብ ይበል። ፕሮሰሰር በሥራ ላይ ያለውን ተግባር በመካከል አንሥቶ ሌላውን ያስገባል፤ ወፍጮ ግን አፉ ውስጥ የገባውን እህል አይመልስም። ለዚህ ድርጊት፣ ለ“ፕሪኤምፕሽን”፣ “ማቋረጥ” ማለት አይገባም፤ “ማቋረጥ” ለ“ኢንተራፕት” መቆየት አለበት። “ማስነሣት” ብንለው፣ የተቀመጠን ሰው ለሌላ ሲባል ማስነሣት እንደምንለው፣ ሁለቱ አይጋጩም።

የሊኑክስ አስኳል ሰነዶች ወደ ጣልያንኛ፣ ስፓንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛና ቻይንኛ በከፊል ተተርጉመው ከምንጩ ጋር አብረው ይታተማሉ፤ አማርኛ ከእነዚህ መካከል የለም። አንድ ቀን የሚጀምረው ሰው ከሚያገኛቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ የሚከተለውን የሚመስል ይሆናል። በተለመደው መንገድ ቢተረጎም፦ “ዝቅተኛ የመዘግየት ቅድሚያ ያለው ቡድን ፕሮሰሰሩን በፍጥነት ያገኛል፤ ቅድሚያው ግን አይለወጥም።” ይህን ያነበበ ሰው ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው እንዴት በፍጥነት እንደሚያገኝ፣ ያገኘውም እንዴት ቅድሚያው እንዳልተለወጠ ሊገባው አይችልም። እኛ ባቀረብናቸው ቃላት፦ “የይቅደሙ ልኩ ያነሰ ቡድን የወረፋ ቆይታው ያጥራል፤ ድርሻው ግን አይጨምርም።” ሁለተኛው ከመጀመሪያው በቃል ቁጥር አይበልጥም። ማንኩሳ ላይ ጮክ ተብሎ ቢነበብ “የምን ቡድን ነው?” የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል፤ “ቀደመ ወይስ በዛለት?” የሚል ግን አይነሣም።